ጅማ ላይ ትራያትሎን፣ ያውም በሰዓቱ የተጀመረ

እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት የተባለ ነገር በ1 ሰዓት ሲጀመር አይቼ አላውቅም። ሠርግም ይሁን ስብሰባ፣ እኛ ዘንድ «1 ሰዓት» ማለት ሸሚዝ የሚተኮስበት ሰዓት ነው። ባለፈው እሁድ ግን ፊሽካው ሲነፋ ስልኬን አየሁ። 1:00 ይላል። አንዱ ተወዳዳሪ ገና ካልሲውን እያወለቀ ነበር። አልጠበቁትም።

ይህን የምጽፈው ላመሰግን ነው። ሥራ ያለው ሰው ካለም ለማን እንደሚሰጥ ልጠቁም ነው። የምጠቁማቸው ይህን ውድድር ያዘጋጁ ስድስት ወጣቶችና አንድ ሽማግሌ ሳይክል ጠጋኝ ናቸው። ልጆቹ ገና የንግድ ስም አላወጡም። ሽማግሌው ደግሞ «ስሜን ብትጽፍ አንላቀቅም» ብለውኛል። ስለዚህ ስም የለም።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ትራያትሎን ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ሳይቋረጥ ተከታትለው የሚሄዱበት ውድድር ነው። ሰዓቱ አይቆምም። ከውሃ ወጥተህ ጫማ ስታጠልቅ የምታባክናት ደቂቃም ትቆጠርብሃለች። በዛሬ መልኩ መጀመሪያ የተካሄደው በፈረንጆቹ 1974 ሳንዲያጎ ውስጥ ሲሆን የጨረሱት 46 ሰዎች ነበሩ። ኦሊምፒክ የገባው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። የኦሊምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ሳይክልና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። የእኛ የዚያ ግማሽ ነበር፦ 750 ሜትር፣ 20 ኪሎ ሜትርና 5 ኪሎ ሜትር። ግማሽ ሲባል ቀላል ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነው የተመዘገብኩት።

እውነቱን ለመናገር ብዙም ተስፋ አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ አንድ የሩጫ ውድድር ላይ ተካፍዬ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከተባለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። ውሃው እኛ ወደ ኋላ የቀረነው ከመድረሳችን በፊት አለቀ። መታጠፊያው ላይ ማንም ስላልቆመ ግማሾቻችን ቀጥ ብለን ሄድን። በኋላ አንድ ባለሱቅ ነው «ልጆች፣ ወዴት ናችሁ?» ብሎ የመለሰን። አንድ ሩጫ እንደዚያ ከሆነ ሦስት ስፖርት በአንድ ጠዋት ምን ሊሆን ነው ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይክል ማስመርመር ግዴታ ነው ተባልን። የዋናው ገንዳ ያለበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ሽማግሌው በጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ፖምፓ፣ መፍቻና ዘይት የጠጣ ጨርቅ አለ። እያንዳንዱን ሳይክል ራሳቸው ያነሱታል። ጎማውን አሽከርክረው ቸርኬው እንደማይወላገድ ያያሉ። ካቴናውን በጣታቸው ይነካሉ። ከዚያ ሁለቱንም ፍሬን ጨምቀው ሳይክሉን ወደፊት ይገፉታል። ያለፈው ሳይክል መሪው ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍበትና ይፈርሙበታል።

የእኔ አላለፈም። ከጎረቤት የተዋስኩት አሮጌ ማውንቴን ነው፤ የፊት ፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቃል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

«በዚህ ቁልቁለት ልትወርድ ነው?»

«አዎ።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

እዚያው ቀየሩልኝ። የተቀበሉኝ የጎማውን ብቻ ነው፤ የእጅ ዋጋ አልወሰዱም። ሄልሜቴንም ራሴ ላይ አድርገው ማሰሪያውን አጠበቡልኝ። እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር።

ማታ ገለጻ ተደረገልን፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። የልጆቹ አለቃ ስፖርት ሳይንስ የጨረሰች፣ ቀጭን፣ ስትናገር እጇን የማታወራጭ ልጅ ናት። ሰሌዳ ላይ መንገዱን ሣለች። የት እንደምንታጠፍ፣ ውሃ የት እንዳለ፣ የሚያባርር ውሻ ያለው የየትኛው ግቢ እንደሆነ ሳይቀር ነገረችን። አንዱ «ለምን ቦዬ ሐይቅ አንዋኝም፣ ሰፊ አይደል?» ብሎ ጠየቀ። «ጉማሬዎቹን አስፈቅደህ ና» አለችው። አለቀ።

አሁን ወደ ገንዳው ልምጣ፤ ይህን ጽሁፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

24 ነበርን። ገንዳው 25 ሜትር ነው፤ በገመድ አራት መስመር አድርገውታል። በአንድ መስመር ሁለት ሰው፣ አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ ኮፍያ። ስምንት ስምንት ሆነን በሦስት ዙር ገባን፤ በ1:00፣ በ1:25ና በ1:50። የእያንዳንዱ ዙር ሰዓት ለብቻው ይያዛል። ሦስተኛው ዙር የሴቶች ብቻ ነበር። ያኔ ገንዳው ዙሪያውን በሸራ ተጋርዶ፣ ቆጣሪዎቹም ረዳቶቹም ሴቶች ብቻ ሆነው ቀርተዋል። እኔ በዚያ ሰዓት ሳይክል ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። ግን አንዲት የማውቃት እህት «ሸራው ባይኖር ባሌም አይፈቅድ፣ እኔም አልገባ» ብላኛለች። ጅማን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያስበው።

750 ሜትር በ25 ሜትር ገንዳ 15 ደርሶ መልስ ነው። የዋኘ ሰው ያውቀዋል፤ ከአምስተኛው በኋላ ቁጥር ከጭንቅላት ይጠፋል። ለዚህ የሚሆን ዘመናዊ መሣሪያ የላቸውም። ያደረጉትን ስሙ። ለእያንዳንዱ ዋናተኛ አንድ ቆጣሪ ተማሪ መደቡለት። ቆጣሪው ፊት ሁለት ሲኒ አለ። አንደኛው ውስጥ 15 ፍሬ ጥሬ ቡና። ዋናተኛው ደርሶ ተመልሶ ግድግዳውን በነካ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ሁለተኛው ሲኒ ትገባለች። በቃ። ባትሪ አያልቅበት፣ ኔትወርክ አይጠፋበት።

እኔ ዋና የተማርኩት በልጅነቴ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ማለትም አልተማርኩም። እያቃሰትኩ ጨረስኩ ብዬ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ልወጣ ስል፣ የእኔዋ ቆጣሪ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጎንበስ ብላ ሲኒውን አሳየችኝ። ታቹ ላይ አንዲት ቡና ቁጭ ብላለች።

«ጋሼ፣ አንድ ይቀርዎታል።»

ልከራከር ፈልጌ ነበር። ትንፋሽ ግን ከየት ይምጣ? ደግሞ ቡና አይዋሽም። ተመለስኩ። (በዋና ቁምጣ እያለሁ «ጋሼ» ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ለጊዜው ይቅር ብያታለሁ።)

ከውሃ ወጥቶ ሳይክል የሚነሳበትን ቦታ ባለሙያዎቹ እንደ አራተኛ ስፖርት ነው የሚያዩት። ብዙ ውድድር የሚበላሸውም እዚያ ነው። እነሱ ግን ግቢውን በኖራ ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ቦታ ሰጥተው፣ መግቢያና መውጫውን ለይተው ነበር። የሄልሜቱ ማሰሪያ ጠቅ ሳይል ሳይክል መንካት ክልክል ነው። አንዱ ቸኩሎ ሳይክሉን አነሳ። በሩ ላይ የቆመው ልጅ መልሶ እንዲያስቀምጥ፣ ሄልሜቱን እንዲያስርና እንደገና እንዲያነሳ አደረገው። ሰውየው በከተማው የሚከበር፣ ባለ መኪና ሰው ነው። ልጁ ግን አልፈራውም።

የሳይክሉ መንገድ በሰርቦ አቅጣጫ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ነበር። ጅማ ውስጥ ባጃጅን ማቆም ዝናብን እንደማቆም ነው ብዬ አስብ ነበር። ልጆቹ ከሳምንት በፊት በየተራ ማስከበሪያው እየዞሩ ሾፌሮቹን አነጋግረዋል። ትእዛዝ ይዘው አይደለም የሄዱት፤ «ምን ብናደርግ ሥራችሁን አንጎዳም?» ብለው ነው የጠየቁት። ሾፌሮቹም እሁድ በማለዳ ይሁን፣ የገበያ ቀን ሐሙስን አትንኩ ብለው መከሩ። በዕለቱ ቅያሶቹን ባጃጃቸውን አግድም አቁመው የዘጉት ራሳቸው ሾፌሮቹ ናቸው። አንዱ እንዲያውም «በርታ! ከፊትህ ያለው ደክሟል!» ብሎ ጮኸልኝ። ከፊቴ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ርቀውኛል። ቢሆንም ደስ አለኝ።

14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። በትልልቆቹ ውድድሮች ራስህ ትጠግናለህ እንጂ ከተመልካች እርዳታ መቀበል አይፈቀድም፤ አዘጋጁ ራሱ ካልመደበልህ በቀር። እዚህ መድበዋል። ከተሳታፊዎቹ ኋላ ኋላ የሚሄድ ባለሞተር ልጅ አለ፤ ጀርባው ላይ ፖምፓ፣ ትከሻው ላይ እንደ ፎጣ የተንጠለጠሉ ከመነዳሪዎች። የሽማግሌው ተለማማጅ ነው። ከመነዳሪውን ቀይሮ ነፋልኝና ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አደረገ፤ የጎማውን ውስጥ በጣቱ ዳብሶ የወጋኝን እሾህ ነቅሎ ጣለ። ይህን የማያደርጉ ስንት ጎሚስታዎች አሉ! አዲሱን ከመነዳሪ አስገብተው ይሸኙሃል፣ መቶ ሜትር ሳትሄድ ትመለሳለህ።

ሩጫውን ባጭሩ ልለፈው፤ ለእኔ ብዙ የሚወራ ነገር የለውም። የጅሬንን መንገድ ይዘን 2.5 ኪሎ ሜትር ሽቅብ፣ ከዚያ መመለስ። እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ አላስኬዱንም፤ እግዜር ይስጣቸው። ከሳይክል የወረደ እግር የራስህ አይመስልም፤ ባቴ ሁለት ጊዜ ተኮማትሮብኝ ቆሜያለሁ። መመለሻው ላይ ሁለት እናቶች ብርዝ በኩባያ ይዘው ነበር። የጠጣሁት ብርዝ ሁሉ እዚያ ላይ የጠጣሁትን አያክልም። ኩባያዎቹ የሚታጠቡ ናቸው፤ መንገድ ላይ አንድም ፕላስቲክ ወድቆ አላየሁም። አንዲት ነርስም ከነቦርሳዋ ነበረች። አንድ ልጅ አዙሮት ሲቀመጥ ደርሳ ኦአርኤስ በጥብጣ ስትሰጠው አይቻለሁ።

ስንተኛ ወጣህ የሚለኝ ካለ፣ ጨርሻለሁ።

እንከን አልነበረም አልልም። ሙዚቃው ከመጠን በላይ ይጮህ ስለነበር የሚጠራው ቁጥር አይሰማም። ለሴቶች የተተከለው የልብስ መቀየሪያ ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ ወረፋው ሰዓት በልቶባቸዋል። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ደብተር አውጥተው ጻፉት። «እሺ፣ ለወደፊቱ» ብለው ቢሸኙኝ አልገረምም ነበር፤ ደብተር ግን አልጠበቅኩም።

ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር፣ ማግስቱን ሂሳቡን ግቢው በር ላይ ለጠፉት። ከተመዝጋቢ የገባው ይህን ያህል፣ የወጣው ይህን ያህል። ሙዝ፣ ኖራ፣ የሞተር ቤንዚን፣ የሸራ ኪራይ፣ የነርሷ አበል። ጥሬ ቡናው ሳይቀር ተጽፏል፤ ግማሽ ኪሎ። ከሥሩ በእስክርቢቶ «ቡናው ተቆልቶ በአስተባባሪዎች ተጠጥቷል» ይላል።

እንግዲህ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ያለው፣ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞች ውድድር ያሰበ፣ ለእርዳታ የእግር ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ጅማና አካባቢዋ ካለ፣ ሥራውን ለእነዚህ ልጆች ስጡ። ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በሦስት ቀን ድረሱልን ለሚል ሰው እሺ አይሉም፣ እንቢ ሲሉም አይሽኮረመሙም። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄያቸዋለሁ።

ሽማግሌውን ደግሞ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ጠይቃችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ታፔላ የላቸውም፤ በሩ ላይ የተሰቀለ ዝገት የበላው ቸርኬ አለ። ሰኞ ዕለት የከመነዳሪውን ልከፍል ሄጄ ነበር። የአንድ ትንሽ ልጅ ሳይክል ገልብጠው ይሠራሉ። «እሱ በውድድሩ ሂሳብ ተከፍሏል» አሉና ገንዘቡን መለሱልኝ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ይልቅ ዋና ተለማመድ፤ ልጅቷ ሁሉንም ነግራኛለች» አሉኝ። ለካ የልጅ ልጃቸው ናት።

አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ከዚያ ውጭ ሁሌም አሉ።