የዓሣ ገንዳችንን ከጥፋት ላዳነልን ወጣት ባለሙያ ምስጋና

ባሕር ዳር በሚገኘው ግቢያችን 6 ሜትር በ4 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ሠርተን ቆሮሶ ማርባት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። በጥር ወር ግን ዓሦቹ ማለዳ ማለዳ ወደ ውኃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲፈልጉ ማየት፣ በየሁለት ቀኑም የሞተ ማንሳት ጀመርን። ቀድሞ ያማከርነው ሰው ማጣሪያውን በየሳምንቱ በቧንቧ ውኃ አጥርተን እንድናጥብና ትልቅ ፓምፕ እንድንገዛ ነግሮን ሁለቱንም ብናደርግም፣ ሞቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ዛሬ ላመሰግነው የወደድሁት ወጣት በመጣ ጊዜ ምንም ከመንካቱ በፊት አንድ እፍኝ ፍሩሽካ ውኃው ላይ በትኖ ቆሞ ተመለከተ። ፍሩሽካው ከፓምፑ መውጫ ተነሥቶ በአንዱ ግድግዳ በኩል ብቻ እየሮጠ ወደ ፓምፑ ውኃ መሳቢያ ሲመለስ፣ በማዶው ማዕዘን ያረፈው ግን ባለበት ቀረ። ከዚያ ማዕዘን እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ያወጣው ጥቁር ጭቃ የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር።

ቀጥሎም ዓሦች በስንጥባቸው የሚያስወጡትን፣ ከተረፈ መኖም የሚመነጨውን አሞኒያ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ መርዛማውን ናይትራይት ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት እንደሚለውጡት፣ እነዚህም ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩና ኦክስጅን ያለው ውኃ ሳያቋርጥ እንዲያልፍባቸው የሚሹ መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዳን። ለካ እኛ በቧንቧው ውኃ ክሎሪን በየሳምንቱ ስንፈጃቸው ኖረናል።

አዲስ ዕቃ ግዙ አላለንም። መሳቢያውን ወደ ጥቁሩ ማዕዘን አዛወረው፤ መውጫውን ደግሞ ውኃው ገንዳውን ዙሪያውን እንዲዞር አድርጎ በግድግዳው ትይዩ አዞረው። ባክቴሪያዎቹ የሚጣበቁበት እንዲሆን ባዶ በርሜላችንን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞላው፤ ጠጠሩ እንዳይደፈንም ከበርሜሉ በፊት ደለል የሚዘቅጥበት ባልዲ አስቀደመ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነውና፣ ውኃው ከአንድ ክንድ ከፍታ እየተረጨ እንዲወርድ አደረገ። ከእንግዲህ ስፖንጁን በራሱ በገንዳው ውኃ ብቻ እንድናለቀልቅ፣ መኖውንም ለጊዜው በግማሽ እንድንቀንስ አዘዘን።

ባክቴሪያዎቹ እስኪደላደሉ ስድስት ሳምንት ያህል እንደሚወስድ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የመመርመሪያው ጠብታ ናይትራይቱ መጨመሩን ሲያሳይ ደንግጬ ብደውልለት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጥቶ የተወሰነውን ውኃ ክሎሪኑ በወጣለት ውኃ ቀየረልን እንጂ ማጣሪያውን አልነካውም። እኔ በተለይ የማደንቅለት ይህን ነው፤ ሥራ የሠራ ለመምሰል ብሎ የሚነካካ ሰው አይደለም። በሰባተኛው ሳምንት አሞኒያውም ናይትራይቱም ጠፍተው፣ ዓሦቹ ማለዳ ከታች ሲዋኙ አየናቸው።

ለቤት ውስጥ አኳሪየምም ሆነ ለእርባታ ገንዳ ባለሙያ የምትሹ፣ ስልኩን በግል ለጠየቀኝ ሁሉ በፈቃዱ እሰጣለሁ፤ ወደ መራዊና ወደ ዳንግላም እንደሚሄድ ነግሮኛል። ወንድሜ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው።