የሳነቴ የአንድ ቀን ጉብኝት፦ ለቀበሮው ጥሩ፣ ለድንጋዮቹ ጎደሎ

ከጎባ ተነስቶ የባሌ ተራሮችን ሳነቴ አምባ የሚያሳየው የመኪና ጉብኝት ቀይ ቀበሮ ማየት ለሚፈልግ ይበቃል። ውርጭና በረዶ የቀረጹትን ምድር ለሚፈልግ ግን ፕሮግራሙ መለወጥ አለበት። የተለመደው ጉዞ ቱሉ ዲምቱ (4377 ሜትር) ላይ ፎቶ አንስቶ መመለስ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው በአምባው ደቡባዊ ክፍል ተዳፋቱን ተከትለው የወረዱት የድንጋይ መስመሮች ናቸው። ትልልቆቹ እስከ 1000 ሜትር ይረዝማሉ፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋሉ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን መሬቱ ደጋግሞ ሲጠጥርና ሲቀልጥ ድንጋዩን ከደቃቁ አፈር ለየው። የዛሬው የሌሊት ውርጭ ግን ከላይ ብቻ ስለሚነካ እንዲህ ያለ ቋጥኝ አያነቃንቅም። «የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው» የሚል አስጎብኚ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው፤ ድንጋዩ ከዚያ ቢመጣም ያሰለፈው ውርጭ ነው።

ከመነሳትዎ በፊት መስመሮቹ ጋ እንዲቆም ከሾፌሩ ጋር ይስማሙ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለማይኖር ቅርጹ ይጠፋል። ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ፣ የበረዶ ግግር የቦረቦረው ጎድጓዳ፣ በእግር ስለሚኬድ ሌላ ቀን ይያዝለት። ከቆላ በቀጥታ የመጣ ሰው ራሱን ሊያመው ስለሚችል አንድ ሌሊት ጎባ ይደር።