ፓራካስ ወይስ ናስካ? ከማጽዳት በፊት መለየት

ከደቡብ ፔሩ መቃብሮች የወጡ የፓራካስና የናስካ (የአካባቢው ጥንታዊ ባህሎች) የሸክላ ስብርባሪዎች በአንድ መሳቢያ ተደባልቀው ሲገኙ፣ ሳይለዩ ማጽዳት የማይመለስ ጥፋት ያስከትላል።

የሚያሳስበው ፓራካሱ ነው። ቀለሙ ከዕፅዋት ሙጫ ጋር ተለውሶ የተቀባው ሸክላው ከተተኮሰ በኋላ ነው፤ በተጫሩ መስመሮች መካከል ተሞልቷል። በ10 እጥፍ ማጉያ ሲታይ እንደ ቅርፊት ወፈር ብሎ ከላይ ተቀምጦ፣ ጠርዙ ተፈርፍሮ ይገኛል። አሴቶን ሙጫውን ሊያሟሟው ይችላል። ስብርባሪን ለማጣበቅ የተለመደው ሰው ሠራሽ ሙጫ ፓራሎይድ ቢ-72 ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበጠበጠው በአሴቶን ነው፤ ስብራቱን ሲቀቡ ጠብታ ወደ ቀለሙ እንዳይሻገር! አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያንሱ።

ናስካ ቀለማማ ቀጭን ጭቃ ተቀብቶ፣ ታሽቶ፣ ከዚያ ነው የተተኮሰው። ቀለሙ ከገላው ጋር ስለተዋሃደ በተጣራ ውሃ በረጠበ ጥጥ መጠረግን አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማል፤ ጥግ ላይ አስቀድመው ይሞክሩት።