ሲስተርን እያመሰገንኩ፣ ተተኪያቸውን ልጠቁማችሁ

ድንጋይ ቆራጮች፣ በያጆች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ አናጢዎች፤ ይህ ጽሁፍ በተለይ ለእናንተ ነው። አሠሪዎችም ብታነቡት አትከስሩም።

በቅርቡ ያረፉት ሲስተር የሥራ ቦታ ጤና ነርስ ነበሩ። ስማቸውን ለቤተሰባቸው ብዬ አልጽፈውም። እኛም ድሮም ቢሆን «ሲስተር» እንጂ በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ከወርክሾፕ ወርክሾፕ እየዞሩ አቧራና ጩኸት ሲያሳድዱ ኖሩ። ማንም አልላካቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። አንዳንዱ ባለቤት አላስገባም ብሎ በር ላይ ያቆማቸዋል። እሳቸውም ይቆማሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው ራሱ ይወጣላቸው የለ!

እሳቸው መጀመሪያ «ምን ያማችኋል?» ብለው አይጠይቁም። «ምን ትሠራላችሁ? በምን ትቆርጣላችሁ? አቧራው ወዴት ይሄዳል?» ነው የሚሉት። ጥያቄው የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም የታመመውን ሰው ሥራውን እንዲጠይቅ አሳስቦ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ይረሳል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳል አልለቀው ብሎ ሲሰቃይ «ብርድ መቶህ ነው» ተባለ። ቀጥሎ ቲቢ ተጠረጠረ። ድንጋይ ቆራጭ መሆኑን የጠየቀው አልነበረም። ሲስተር አስቀመጡትና ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደቆረጠ፣ በውሃ ይሁን በደረቁ፣ ሁሉንም በወረቀት ጻፉለት። «ይህን ለሐኪሙ ስጥ» አሉት። ምርመራው ሲሊኮሲስ ሆነ፤ የድንጋይ አቧራ ሳንባን የሚያጠባስስበት በሽታ ነው። ሳንባ ላይ የተፈጠረውን ጠባሳ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ልጁ ግን ከአቧራው ወጣ፣ ሌላ ሥራ ላይ ተመደበ። ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ ክትትሉንም አላቋረጠም። እኔ በበኩሌ ለዚህች ወረቀት ብቻ ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

ስለ አቧራ ያስተማሩን ነገር ቀላል ነው። የሚታየው አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ክፉው በዓይን የማይታየው ነው፤ እሱ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። ከተፈጨ ድንጋይና ከሙጫ በፋብሪካ የሚሠራው የኩሽና ጠረጴዛ ድንጋይ ደግሞ ይብሳል፤ ሲሊኮሲስን የሚያመጣው ማዕድን፣ ሲሊካ፣ ከ90 በመቶ በላይ ሊኖረው ይችላል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ ማምረትም፣ ማቅረብም፣ መሥራትም ከልክላለች።

ሲስተር ማስክ አይንቁም ነበር። ግን ማስክ ማደል እንደ ሥራ ሲቆጠር ደማቸው ይፈላል። መጀመሪያ ምላጩ ላይ ውሃ ይፍሰስ፣ ወይም አቧራው ከሚነሳበት ላይ የሚስብ ማሽን ይገጠም፤ ማስክ ከዚያ በኋላ። ደግሞ በጺም ላይ የተደረገ ማስክ በጎንና በጎኑ ያስገባል። በደረቁ መጥረግ ክልክል። ቱታ ቤት ይዞ መሄድ ክልክል፤ ልጆች ያቅፉታል። የሥራ መውጫ ላይ በኮምፕሬሰር እርስ በርስ መነፋፋትም ክልክል። (ይህኛውን በጣም እንወደው ነበር፤ ያኔ ጠልተናቸው ነበር ማለት ይቻላል።) ስለ ጩኸት ደግሞ፣ ክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገህ ጆሮህ አደጋ ላይ ነው ይሉን ነበር። ስምንት ሰዓት ሙሉ ለሚሠራ ሰው 85 ዴሲቤል ጥንቃቄ የሚጀመርበት ልክ ነው።

በጣም የሚያደንቋት ሴት አሊስ ሃሚልተን ነበረች። አሜሪካዊት ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ1910 ኢሊኖይ ውስጥ በእርሳስ ብረት (ሊድ) መመረዝን ስታጠና ፋብሪካውን አይታ ብቻ አልተመለሰችም፤ የሆስፒታል መዝገብ ገልጣለች፣ ሠራተኞቹ ቤት ድረስ ሄዳለች። በ1919 የሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ሆነች። 101 ዓመት ኖራ በሴፕቴምበር 1970 አረፈች። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ሕግ የተፈረመው ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ፣ በዲሴምበር ነው። ሲስተር ይህችን ታሪክ ሲያወሩ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ምኑ እንደሚያስቃቸው እስካሁን አልገባኝም።

የዓለም ሥራ ድርጅት በጁን 2022 ደህንነቱና ጤናው የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ውስጥ ሲያስገባ ግን አልሳቁም። ወረቀቱን አሳትመው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ በር ላይ የሚያቆማቸው ባለቤት ሁሉ አነበበው፤ ወዶ ሳይሆን ተገዶ።

አሁን ወደ ጥቆማው። ለብዙ ጊዜ አብሯቸው የዞረ አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ሥራውን ይዞታል። ወርክሾፕ መጥቶ አሠራሩን ያያል፣ ጩኸት ይለካል፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሥራ ታሪክ በጽሁፍ ያዘጋጃል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ምን መስተካከል እንዳለበት ለባለቤቱ ፊት ለፊት ይናገራል። ራጅ አያነብም፣ መድኃኒትም አያዝም፤ ወደሚመለከተው ሐኪም ይልካል። ይህ ለእኔ ትልቁ ጥሩነቱ ነው። የሲስተር ትዕግሥት የለውም፣ ቶሎ ይናደዳል፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም። ጽፋችሁ ከላካችሁለት ግን ይመልሳል።

የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ክፍያውን ከራሱ ጋር ተነጋገሩ። ከመምጣቱ በፊት ያለቀ የቀለምና የቲነር ጣሳ አትጣሉ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይፈልጋል። ወርክሾፑንም ለእሱ ብላችሁ አታጽዱት። እንደ ወትሮው ስትሠሩ ሊያያችሁ ነው የሚመጣው።