ለበዓል ሰሞን የቤት ትምህርት የትኛው የአማርኛ ንባብ ጥራዝ ይሻላል?

231ዱን ፊደል (33 በ7) መጀመሪያ ገጽ ላይ ደርድሮ «ሀ ሁ ሂ» የሚያስብል ጥራዝ ለዚህ ሰሞን አይሆንም። ልጁ በዜማ ይሸመድደዋል፤ «ቱ»ን ነጥለው ሲያሳዩት ግን ከ«ተ» ካልጀመረ አያገኘውም። የተሻለው በየትምህርቱ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ አስተምሮ ወዲያው የሚያስነብበው ነው። በ፣ ላ እና ች የገቡት ልጅ በዚያው ቀን «በላ»ን፣ «በላች»ን ያነባል።

እንግዳ በሚበዛበት ሳምንት በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ አዲስ ፊደል ሳይጨመር የታወቀውን መድገም። ስለዚህ ትምህርቱ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ይመረጥ። ሦስት ገጽ የሚፈጅ ከሆነ መሃል ላይ ይቋረጥና ከበዓሉ በኋላ እንደ አዲስ መጀመር ይመጣል።

ብዙዎቹ ጥራዞች የሚዘሉት መጥበቅና መላላትን ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ደግሞ «ገና አልደረሰም» እንደምንለው። ጽሕፈቱ ይህን ስለማያሳይ ልጁ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ቃል ብቻ የሚዘረዝር ጥራዝ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ቀን የሚያስተምርም አለ፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ማደናገር ብቻ ነው። «ሀ» ይቅደም፣ ሌሎቹ ንባቡ ሲቀና ይደርሳሉ። የመጻፊያው መስመር ከጠበበ በባዶ ወረቀት ይተካ።