ወንዝና ጦርነት በጎንደር፦ ስለ አንድ የአስጎብኚነት አገልግሎት

ጎንደርን ከነገሥታቷ ስም ዝርዝር ይልቅ በወንዞቿና በጦርነቶቿ በኩል ለመረዳት ለሚሻ ሰው፣ በፋሲል ግቢ ያገኘሁት የአስጎብኚነት አገልግሎት ከልብ የሚመሰገን ነው። አስጎብኚው ትረካውን የጀመረው ከግንቡ ሳይሆን ከመሬቱ አቀማመጥ ነው። ለረጅም ዘመን በድንኳን ይዘዋወር የነበረው ቤተ መንግሥት ወንዞች ሲሞሉ ዘመቻውን አቋርጦ በአንድ ስፍራ ይከርም እንደነበር፣ ዐፄ ፋሲለደስም እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻቸውን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ እንደቆረቆሩ በሚገባ አብራርቷል። ከሜሶጶጣሚያ (በዛሬዋ ኢራቅ ከነበረው ጥንታዊ ሥልጣኔ) ጋር ማነጻጸሩም ተገቢ ነበር፤ በዚያ የነበሩት የላጋሽና የኡማ ከተሞች ከ4,000 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በለም መሬትና በመስኖ ውኃ ሳቢያ ተዋግተዋል። የግብፅን እርሻ ያለመለመው ደለልም በአብዛኛው ከእኛው ደጋ የወረደ መሆኑን አልዘነጋም።

ቅር ያሰኘኝ የጊዜው አመዳደብ ነው። 900 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የግቢው ቅጥር፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስት ተዋጊዎች) ከተማዋን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቷን ማቃጠላቸው ሰፊ ማብራሪያ ሲያገኙ፣ ከቀሃ በሚመጣ ውኃ የሚሞላውና ዛሬም ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ ለመጨረሻ ተትቶ በጥድፊያ ታለፈ። ውኃው ከወንዙ ተጠልፎ እንዴት እንደሚገባ በቦታው ቆሞ ማየት ለዚህ ርእስ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ በሆነ ነበር። ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ ይነገራል። ለመሄድ የምታስቡ ጉብኝቱ በማለዳ ከመዋኛው እንዲጀመር ጠይቁ፤ የግቢው ቲኬት ለመዋኛውም እንደሚያገለግል አረጋግጡ።