የአርክቴክቸር ማስተርስ ትምህርት ቤትን መጎብኘት፦ በግብዣው ቀን ወይስ በተራ የሥራ ቀን?

ተቀባይነት ያገኙ አመልካቾች የሚጋበዙበት ቀን ብዙ ነገር በአንዴ ያስጨርሳል። የፕሮግራሙ ኃላፊ ስለ ስኮላርሺፕ ይናገራል፣ ወርክሾፑ ይከፈታል፣ የወደፊት የክፍል ጓደኞችም እዚያው ይገኛሉ። ግን ስቱዲዮው (ተማሪዎች ንድፍና ሞዴል የሚሠሩበት ክፍል) ተጠርጓል፤ የሚታዩት ሞዴሎችም የተመረጡ ናቸው።

በተራ ቀን የሚታየው ሌላ ነው። ጁሪ (ተማሪዎች ሥራቸውን በዳኞች ፊት አቅርበው የሚተቹበት ግምገማ) ካለ ፈቃድ ጠይቀው አንድ ሰዓት ይቀመጡ፤ ዳኞቹ ሥራውን ይተቻሉ ወይስ ተማሪውን ያዋርዳሉ? የሌዘር መቁረጫውን የወረፋ ሰሌዳ ይዩ፤ ከማስረከቢያ በፊት ወረፋው ስንት ቀን እንደሚወስድ ይጠይቁ። መምህር በሌለበት 2 ወይም 3 ተማሪዎችን ያነጋግሩ፦ አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል? ለሞዴልና ለኅትመት በሴሚስተር ስንት ይወጣል? (ይህ ወጪ ከትምህርት ክፍያው ውጭ ስለሆነ ብዙዎች ይረሱታል።) ማታም አንዴ ይመለሱ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ወንበር ከተያዘ የሥራ ጫናው ተገልጧል።

የተራ ቀን አደጋ ባዶ ስቱዲዮ ላይ መድረስ ነው፤ ከማስረከቢያ ማግስት ሁሉም ተኝቷል። ስለዚህ ከጉዞው 2 ሳምንት በፊት በኢሜይል የጁሪውን ቀን ይጠይቁ።

ጉዞው አንድ ብቻ ከሆነ ከግብዣው 1 ቀን ቀድሞ መድረስ ይሻላል። ዲግሪው ለሙያ ፈቃድ ዕውቅና እንዳለው ለማጣራት ግን መጓዝም አያስፈልግም።